አንድ ሰው በሁለት መዝገብ

ታላቅ ወንድማችን የሚኖሩት በጢስ ዓባይ ነው። የደም ግፊት እንዳለባቸው ከታወቀ ዓመታት አልፈዋል። ባለፈው ዓመት በኅዳር መጨረሻ ግን ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ አለ፤ አንደበታቸውም ተሳሰረ። ባሕር ዳር ስናደርሳቸው ሐኪሙ፥ «ግፊታቸው እስከ ዛሬ ስንት ነበረ?» ብሎ ጠየቀን። እኛ የተማሪዎቻችንን የብዙ ዓመት ውጤት በመዝገብ የምናውቅ መምህር ስንሆን፥ መልስ አጣን። እግዚአብሔር ይመስገን፥ አንደበታቸው ተመለሰ፤ እጃቸው ግን እስከ ዛሬ እንደ ደከመ ነው።

ከዚያ በኋላ ስሙን ወደማንጠቅሰው ጤና ጣቢያ አብረን ሄድን። በዚያ የወረቀቱ ካርድ በኮምፒዩተር መዝገብ ተተክቷል። ወንድማችን «አምስት ጊዜ መጥቻለሁ» ይላሉ፤ መሣሪያው «የለም» ይላል። ጠጋ ብለን ብንመለከት መዝጋቢው «ኃይለ» የሚለውን በ«ሀ» ጽፎታል። ለጆሮ አንድ ነው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን ሌላ ሰው ነው። (ስለ ፊደል ስንቆጣ የሚስቁብን ተማሪዎቻችን ያን ጊዜ ባዩ!) በ«ኃ» ሲፈለግ ሦስቱ ተገኙ። የቀሩት ሁለቱ በክርስትና ስማቸው ተመዝግበው ኖረዋል።

በ2010 ዓ.ም. ጤና ሚኒስቴር በአገር አቀፍ ደረጃ የዘረጋው ዲ ኤች አይ ኤስ 2 የሚባለው ሥርዓት የየጤና ጣቢያውን ድምር ይሰበስባል፤ ስንት ሰው እንደ ታከመ ይናገራል እንጂ የእገሌን ግፊት አይናገርም። ለእገሌ የግሉ መዝገብ፥ ያውም ያልተከፈለ መዝገብ ያስፈልገዋል።

ነርሷ አምስቱን ቁጥሮች በአንድ መሥመር አሰለፈቻቸው። ሦስቱ 150 አካባቢ ናቸው፤ ሁለቱ ከ170 በላይ። እነዚህ ሁለቱ በተለያየ ዓመት ይሁኑ እንጂ ሁለቱም በመጋቢት የተለኩ ናቸው።

«ጋሼ፥ በመጋቢት ምን ያደርጋሉ?» አለቻቸው።

ወንድማችን አቀረቀሩ። «መድኃኒቱ ጾም ያስገድፋል ብዬ እተወዋለሁ» አሉ። ኅዳርም የነቢያት ጾም የሚገባበት ወር ነው። የንስሐ አባታቸውን አልጠየቁም ነበር፤ እኛም በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደግነው አንድ ቀን እንኳ እርሳቸውን አልጠየቅናቸውም።

ነርሷም የሚወስዱት መድኃኒት በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጥ ስለ ሆነ ማታ ከእራት በኋላ ሊወስዱት እንደሚችሉ፥ በተቋረጠ ጊዜ ግን ግፊቱ ምልክት ሳያሳይ እንደሚወጣ አስረዳቻቸው።

ቀጠሮውን ስትመዘግብ መብራት ጠፋ። በ1956 ዓ.ም. ከፏፏቴው ኤሌክትሪክ የወጣበት አገር መሆኑን አስበን ፈገግ አልን። እርስዋም ቀጠሮውን በወረቀት ጻፈችው፤ እኛም ብዕሩን ተቀብለን የዓለም ስማቸውንና የክርስትና ስማቸውን አንድ ላይ፥ «ኃ»ን በግልጥ አድርገን ጻፍንበት።