የጆን ሌነን ልቅሶ

ዘፈን ማለት ጆሮን የሚያስደስትና ልብን የሚያጫውት ነገር ብቻ ነው ብለው የሚያምኑ ሰዎች ብዙዎች ናቸው። ከነዚሁ ወገን የሆነ አንድ የሙዚቃ አስተማሪ ወዳጃችን፥ «እናት» የተባለውን የጆን ሌነንን ዘፈን አብሮን ከሰማ በኋላ፥ «ይህ ሰው ይጮኻል እንጂ አይዘፍንም» አለን። ነገሩ እውነት ነው፤ ይጮኻል። ዳሩ ግን ጩኸቱን እንደ ነውር ቈጥሮ ማለፍ የሚገባ ስላልመሰለን፥ ያደነቅንበትን ምክንያት ልንጽፍ ተነሣን። ዘመኖቹን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ሌነን የሊቨርፑል ልጅ ነው። አባቱ መርከበኛ ነበርና ገና በሕፃንነቱ ተለይቶት ሄደ። እናቱ ጁልያም፥ ልጁ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ለእኅቷ ለሚሚ ሰጠችውና አክስቱ አሳደገችው። ጐልምሶ ከእናቱ ጋር እንደ ገና መቀራረብ በጀመረበት ጊዜ፥ በሐምሌ 1958፥ እርስዋን መኪና ገጭቶ ገደላት። እርሱ ያን ጊዜ የ17 ዓመት ወጣት ነበር።

ቢትልስ የተባለው ቡድን ያተረፈለትን ዝና ለአንባቢ መተረክ አያስፈልግም። ቡድኑ በተበተነበት በ1970፥ ሌነን አርተር ጃኖቭ ወደ ተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ዐዋቂ ሄዶ ለጥቂት ወራት ታከመ። የሕክምናው ዘዴ፥ ሰው በልጅነቱ የዋጠውን ሕመም በልቅሶና በጩኸት እንዲያወጣው ማድረግ ነው። ዘዴው በእርግጥ የሚፈውስ መሆኑን ብዙ ሊቃውንት ይጠራጠራሉ፤ እኛም ጠበቃ ልንቆምለት አንሻም። ለኛ ቁም ነገሩ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ የወጣው ሸክላ ነው።

የሸክላው መጀመሪያ የሆነው ይህ ዘፈን የሚከፈተው በቀብር ደወል ነው፤ እጅግ ዝግ ብሎ አራት ጊዜ ይደወላል። ከዚያ ወዲያ የሰውዬው ድምፅ ያለ አንዳች መግቢያ ይነሣል። ፒያኖውን ራሱ ሌነን ይመታል፤ ቤዝ ጊታሩ የክላውስ ፎርማን፥ ከበሮው የሪንጎ ስታር ነው። ከነዚህ በቀር ሌላ መሣሪያ የለም፤ ከአዘጋጆቹ አንዱ የነበረው ፊል ስፔክተር ግን መሣሪያ በመሣሪያ ላይ በመደራረብ የታወቀ ሰው ነበር! ከበሮው አስከሬን እንደ ተሸከመ ሰው እርምጃ በየመካከሉ ይወድቃል። በጥይትና በጥይት መካከል እንዳለው ጸጥታ፥ በምትና በምት መካከል ያለው ዝምታ ያስፈራል።

የመጀመሪያው አንጓ ለእናት፥ ሁለተኛው ለአባት የተነገረ ነው። በሦስተኛው ወደ ልጆች ዞሮ የእርሱን መንገድ እንዳይከተሉ ይመክራል። እኛን ከሁሉ ይልቅ የሚከብደን ይህ ሦስተኛው ነው። ሌነን በ1968 የመጀመሪያ ሚስቱን ሲፈታ ልጁ ጁልያን አምስት ዓመቱ ነበረ፤ ሌነን ራሱ ለአክስቱ ሲሰጥ በነበረበት ዕድሜ ማለት ነው። እንግዲህ በዘፈኑ ውስጥ ተበዳዩና በዳዩ አንድ ሰው ናቸው።

ከአንጓዎቹ በኋላ ሁለቱን ወላጆቹን ደጋግሞ ይጣራል፤ አንዷን እንዳትሄድ፥ ሌላውን እንዲመለስ። በየድግግሞሹ ድምፁ እየሻከረ ሄዶ በመጨረሻው ጕረሮ የሚቀድ ጩኸት ይሆናል። የሠላሳ ዓመት ሰው እንዲህ ሲያለቅስ መስማት፥ የወንድ ልጅ ዕንባው ወደ ሆዱ ይፈሳል ሲባል ላደግን ለኛ ቀላል አይደለም። ነገር ግን አልቃሽ ሙሾ ስታወርድ፥ ዘመድም ደረቱን ሲመታ ያየ ሰው፥ ኀዘን በድምፅና በምት ሥርዐት እንዳለው ያውቃል። ልዩነቱ ወዲህ ነው፤ ለሞተ ሰው ድንኳን ይተከላል፥ ጎረቤት ይሰበሰባል። በሕይወት ሳለ ልጁን ትቶ ለሄደ አባት ግን ማን ድንኳን ይተክላል? አስተማሪዎች የሆኑ አንባቢዎቻችን፥ እንዲህ ያለ ያልተለቀሰ ኀዘን ይዘው በክፍላቸው የኋላ ወንበር የሚቀመጡ ልጆችን ሳያውቁ አይቀሩም። ሌነን የተከለው ያን ድንኳን ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ሸክላውን እስከ መጨረሻው ያዳመጠ ሰው ደግሞ አንዲት አጭር ዘፈን ያገኛል። አንድ ደቂቃ እንኳ አትሞላም፤ ድምፁም ከሩቅ እንደሚሰማ ሆኖ የተቀዳ ነው። በሕፃናት መዝሙር ዓይነት ዜማ፥ ከአንድ ጊታር ጋር፥ እናቱ መሞቷን ይናገራል። በእርስዋ ውስጥ ምንም ጩኸት የለም።