የአባታችን ሽመና እና የኛ ፌደር



ጎንደር፣ አዲስ ዓለም፣ በኛ ቤት በኩል አመሻሽ ላይ ያለፈ ሰው ሁለት ድምፅ ይሰማል። አንደኛው የአባታችን የሽመና ዕቃ ነው፤ ጧ፣ ጧ ይላል። ሁለተኛው የኛ የሁለቱ ወንድማማቾች ነው፤ ዊኪ፣ ዊኪ ይላል። "እናንተ ቤት አይጥ ገባ እንዴ?" ብሎ የጠየቀን ጎረቤት አለ። አይጥ አይደለም፤ ስክራች እየተማርን ነው። ዛሬ ስለዚህ ትምህርት፣ በተለይ ስለ ፌደር አያያዝ፣ ከአባታችን ጋር ስላጋጨን ነገርም እንጽፋለን። ረዘም ይላል፤ ታግሳችሁ አንብቡልን።

መጀመሪያ ለማያውቅ ሰው እናስረዳ። ፌደር ማለት ድምፅ መቀላቀያው (ሚክሰሩ) ላይ የሚንሸራተት ትንሽ ቁልፍ ነው። ክሮስፌደር የሚባለው አግድም የሚሄደው ነው። ወደ ግራ ሲገፋ የግራው ሸክላ ብቻ ይሰማል፣ ወደ ቀኝ ሲገፋ የቀኙ፣ መሐል ላይ ሁለቱም። ስክራች ደግሞ ሸክላውን በእጅ ወደፊትና ወደኋላ እያስኬዱ ድምፁን እንደ ከበሮ መጫወት ነው። አንዱ እጅ ሸክላው ላይ ነው፣ ድምፁን ይፈጥራል። ሌላው እጅ ፌደሩ ላይ ነው፣ ለድምፁ በር ይከፍታል፣ በር ይዘጋል። ሲወራ ቀላል ነው።

ይህን ነገር ማን ጀመረው? በብዛት የሚነገረው ታሪክ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ኒውዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥ ቴዎዶር ሊቪንግስተን የሚባል ታዳጊ ክፍሉ ውስጥ ሸክላ እያጫወተ ሳለ እናቱ "ቀንስ!" ብላ ልትቆጣው ገባች። እሱም እያዳመጣት ሸክላውን በእጁ ይዞ ወደፊትና ወደኋላ ያንቀሳቅሰው ነበር። ድምፁን ሰማው፣ ወደደው፣ ሠራበት። በኋላ ግራንድ ዊዛርድ ቴዎዶር ተባለ። በዚያው ዘመን ግራንድማስተር ፍላሽ የሚባለው የኤሌክትሮኒክስ ተማሪ ሁለት ሸክላ አጣምሮ፣ አንዱ ሳይቋረጥ ሌላውን የማስገባት ዘዴን አሳደገ። እ.ኤ.አ. በ1983 የሄርቢ ሃንኮክ "ሮኪት" ሲወጣ የስክራች ድምፅ ዓለምን አዳረሰ።

በኛ አገርም ሸክላ ነበር። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ሸክላ ማሳተም ጀመረ፣ ከዚያም አሊ አብደላ ካይፋ፣ ብዙ ሰው "አሊ ታንጎ" የሚላቸው፣ በካይፋ ስም የማህሙድ አህመድን ሥራ አሳተሙ። ግን በ1970ዎቹ መጨረሻ ካሴት መጥቶ ሸክላውን ተካው። ስለዚህ የኛ ዕድሜ ልጅ ሸክላ ሲዞር ሳያይ ነው ያደገው። እኛም ያየነው በስልክ ቪዲዮ ነው።

የኛ ዕቃ እውነተኛ ሸክላ የለውም። የአጎታችን ልጅ ከጅዳ ሲመለስ ይዞት የመጣ፣ ያገለገለ ኮንትሮለር ነው። ሸክላ የሚመስሉ ሁለት ክብ ነገሮች አሉት፤ ከኮምፒውተር ጋር ይሠራል። ክሮስፌደሩ አቧራ ጠግቦ ስለነበር ሲንቀሳቀስ ይንጫጫ ነበር። ፈትተን፣ በደረቅ ብሩሽ ጠርገን፣ መልሰን ገጠምነው።

ለስክራች አጭር ድምፅ ያስፈልጋል። አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ1982 ከወጣ "ቼንጅ ዘ ቢት" ከሚባል ሸክላ መጨረሻ ላይ ያለ ድምፅ ይጠቀማሉ። ድምፁ የተወደደበት ምክንያት አለ፦ አነሳሱ ግልጽ ነው፣ ውስጡ እንደ "ሽ" ያለ ነፋስ አለበት፤ ሲገፉት በደንብ ይቆረጣል። እኛም "ሽ" ያለበት የአማርኛ ቃል ፈለግን። "እሺ" አገኘን። አንድ ቀን አባታችን በስልክ ጋቢ ለሚያሠራ ደንበኛ "እሺ፣ እሺ" ሲሉ በስልካችን ቀዳናቸው። "ከአባታችን ያገኘነው የመጀመሪያው እሺ" እያልን ሳቅን።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ከንቱ ነበሩ። ችግሩ አንድ ነው፦ ሁለቱ እጆች አብረው ይሄዳሉ። ቀኝ እጅ ወደፊት ሲገፋ ግራውም ይገፋል። ቀኝ ሲፈጥን ግራውም ይፈጥናል። ቪዲዮው ላይ ያሉት ሰዎች አውራ ጣታቸውን እንደ ስፕሪንግ ከፌደሩ ጎን አስደግፈው፣ በሌሎቹ ጣቶች እየነካኩ ድምፁን አራት አምስት ቦታ ይቆራርጡታል። እኛ ገና ያለ ፌደር ሸክላውን ብቻ ማስኬድ ሳንችል ወደዚያ ዘለልን። ውጤቱ ጎረቤት የሰማው የአይጥ ድምፅ ነው።

አሁን ወደ ጥፋታችን እንምጣ።

ሽመና ቤት ያደገ ሰው ያውቃል፤ የልጆች ሥራ ቀሰም መጠቅለል ነው። ማጉ ቀሰም ላይ ይጠቀለላል፣ ቀሰሙ መወርወሪያው ውስጥ ይገባል። ቀሰም ከሌለ ሸማኔው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። በዚያ ሰሞን መብራት የሚመጣው ማታ ማታ ብቻ ነበር። አባታችን "ለነገ ቀሰም አዘጋጁ" ይሉናል። "እሺ" እንላለን። መብራት ሲመጣ ግን ወደ ፌደራችን እንሮጣለን፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ደክሞን እንተኛለን።

አባታችን አልጮሁም። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ዓይናቸውም እየደከመ ነው። እኛ ተኝተን እሳቸው ከፈጅር በኋላ በኩራዝ ብርሃን ራሳቸው ቀሰም ሲጠቀልሉ ከርመዋል። አላየንም። ማየት አልፈለግንም ብንል ይቀላል።

የጋቢው ቀን ደረሰ። ደንበኛው ለልጃቸው ሠርግ ነበር ያዘዙት። ሲመጡ ጋቢው ገና ግማሽ ነው። ሰውዬው አልተሳደቡም፤ "ሠርጉ እኮ ለጁምዓ ነው" ብቻ አሉ። አባታችን ቀብዱን እመልሳለሁ አሉ። ቀብዱ ግን ለእናታችን መድኃኒት ወጥቷል። ከጎረቤት ተበድረው መለሱ። በሃምሳ ዓመት የሽመና ሥራቸው ቀብድ ሲመልሱ ያ የመጀመሪያቸው ነበር።

ያን ማታ መብራት መጣ። ኮምፒውተሩን ስንከፍት የመጀመሪያው ድምፅ የአባታችን "እሺ" ነበር፤ ለእኚያው ሰው ያሉት እሺ። ወደፊትና ወደኋላ ስንጫወትበት የከረምነው ቃል እኛ ያስፈረስነው ቃል ነው። ዘጋነው። ለረጅም ጊዜ አልተነጋገርንም።

በማግስቱ ሁለታችንም ደንበኛው ቤት ሄደን አፉ ይበሉን አልን። አፉ አሉን፤ ጋቢውን ግን ከሌላ ገዝተው ነበር። ከዚያ ለሦስት ሳምንት ዕቃውን ጨርቅ አልብሰን አስቀመጥነው። አንዳችን ቀሰም ስንጠቀልል ሌላችን ከአባታችን ጋር ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጠን የቀረውን ጋቢ ሠራን።

ሸማኔ እግሩ ጉድጓድ ውስጥ ነው። እግሩ መርገጫውን ሲረግጥ ድሩ ለሁለት ተከፍሎ አፉን ይከፍታል። ያኔ እጁ መወርወሪያውን ያሳልፋል። ከዚያ ይመታል፣ እግሩን ይለውጣል። እኛ ስንቀመጥ እግራችንና እጃችን አብረው መሄድ ፈለጉ፤ ልክ እንደ ፌደሩ። ድሩ ሳይከፈት ወረወርን፤ ክሩ ተበጠሰ። አባታችን የተበጠሰውን እየቀጠሉ "እጃችሁን ተዉት፤ እግራችሁን ብቻ አስለምዱት። እግር ሳያስቡበት ሲሄድ እጅ ቦታውን ራሱ ያገኛል" አሉን። አንድ ሙሉ ቀን ምንም ሳንወረውር እግር ብቻ ረገጥን። በሦስተኛው ቀን እጅ ጨመርን። በጣም በዝግታ።

ጋቢው አልቆ ገበያ ወጣ፤ ከታሰበው ባነሰ ዋጋ ተሸጠ። ብድሩ የተከፈለው በሁለት ወር ነው። ዕቃውን እንደገና ስንከፍት ግን እጃችን ሌላ ሆኖ ነበር። ለጀማሪ የሚጠቅም ነገር ካለን እሱ ነው፤ በቅደም ተከተል እንጻፈው።

አንደኛ፣ ፌደሩን ክፍት ትታችሁ ሸክላውን ብቻ ወደፊትና ወደኋላ አስኪዱ። ሰዓት እንደሚቆጥር እኩል እስኪሆን። ለሳምንታት ይህን ብቻ።

ሁለተኛ፣ ወደፊት ስትገፉ ክፈቱ፣ ስትመልሱ ዝጉ። የሚሰማው የመሄጃው ድምፅ ብቻ ይሆናል። ይህ የሽመና እግርና እጅ ነው።

ሦስተኛ፣ ክፍት አድርጋችሁ ጀምሩ፣ እየገፋችሁ ዝጉ፣ እየመለሳችሁ ክፈቱ። የወፍ ጫጫታ የሚመስል ድምፅ ይወጣል፤ ቺርፕ ይሉታል። የፊላደልፊያው ዲጄ ጃዚ ጄፍ የሚታወቅበት ነው።

አራተኛ፣ ሸክላውን በአንድ ረጅም ጉዞ ቀስ ብላችሁ እየገፋችሁ ፌደሩን አራት ጊዜ ክፈቱና ዝጉ። ትራንስፎርመር የሚባለው ይህ ነው። ሸክላ ያዡ እጅ ከደነገጠ ፈጥናችኋል ማለት ነው፤ ፍጥነቱን ቀንሱ።

ደግሞም ፌደሩ ድምፅ የሚከፍትበትን ትክክለኛ ነጥብ በጣታችሁ ፈልጋችሁ እወቁት። ብዙ ጊዜ ከዳር ትንሽ ሚሊ ሜትር ነው። ፌደሩን ከዳር እስከ ዳር መውሰድ ድካም ብቻ ነው።

በጥር አንድ ዘመዳችን ደባርቅ ላይ ሲያገባ "እናንተ አጫውቱ" ተባልን። ደባርቅ ከጎንደር ወደ 100 ኪሎ ሜትር ነው፤ የሰሜን ተራሮች መግቢያ ስለሆነ የማታው ብርድ አጥንት ይገባል። ጣታችን ደነዘዘ። ሰው በጭብጨባ ሞቅ ባለበት መሐል ያን አራት ጊዜ መክፈትና መዝጋት እናሳይ ብለን ፌደሩ ዘግይቶ ተከፈተ፤ ዘፈኑ ተቆረጠ፤ ጭብጨባውም ቆመ። አንዲት እናት "ልጆቼ፣ ምነው አስተካክላችሁ ብታጫውቱት?" አሉን። ተሳቀብን። ከዚያ በኋላ ጣታችንን እያሞቅን፣ ከአንዱ ዘፈን ወደ ሌላው ስንሻገር ብቻ አንዲት አጭር ስክራች እያደረግን አነጋን። ሰው የሚያስተውለው ፌደሩ ሲሳሳት ነው፤ በደንብ ሲሠራ ማንም አያየውም።

"ሙዚቃውስ?" የምትሉን እንዳላችሁ እናውቃለን። ብይኑ የዑለማዎች ነው፣ እኛ አናወራበትም። የቤታችንን ደንብ ግን እንንገራችሁ፦ አዛን ሲሰማ ዋናው ፌደር እስከ ታች ይወርዳል። የነገ ቀሰም ሳያልቅ ደግሞ ዕቃው አይከፈትም። ሁለተኛውን ደንብ ያወጣነው እኛው ነን።

አባታችን ድምፁን አሁንም አይወዱትም። "ክሩን ስሙት፣ እሱ ይሻላል" ይላሉ። የእሳቸውን "እሺ" ከኮምፒውተሩ አጥፍተን የራሳችንን ቀድተናል። ማታ ማታ የምንለማመደው በሱ ነው።

እናንተም ከወላጅ ሙያ ጋር የተጋጨ ትምህርት ካላችሁ ከታች ጻፉልን። ለእናታችን አፊያ፣ ለአባታችን ጉልበትና ዓይን ዱዓ አድርጉልን።