ፎንቱን ያጣ ቃለ መጠይቅ

ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በደሴ መንገድ ላይ በምትገኘው ሰንዳፋ የምትኖር አንዲት የድኅረ ምረቃ ተማሪ፣ ለመመረቂያ ጽሑፏ ግብዓት የሚሆኑ አሥራ አንድ የቆዩ ቃለ መጠይቆችን ከአንድ ጡረታ የወጡ የመስክ ሠራተኛ ተቀበለች። ሰነዶቹ ከሃያ ዓመት በፊት በዊንዶውስ ኮምፒውተር የተጻፉ ናቸው፤ ጥያቄዎቹ በአፋን ኦሮሞ፣ የመልሶቹ ትርጉም በአማርኛ። ላፕቶፕዋ የሚሠራው በሊኑክስ ነው። ፋይሎቹን በሊብሬ ኦፊስ ስትከፍታቸው በቁቤ የተጻፈው ጥያቄ አንድም ፊደል ሳይጎድለው ተነበበ። ከሥሩ የነበረው አማርኛ ግን የላቲን ሆሄያት፣ የገንዘብ ምልክቶችና ቅንፎች ዝብርቅርቅ ሆኖ ታየ። ከመላሾቹ አብዛኞቹ በሕይወት የሉም፤ ስለ መሬታቸውና ስለ ዘመዶቻቸው የተናገሩት የቀረው በዚያ ዝብርቅርቅ ውስጥ ነበር።

ጓደኞቿ ጥፋቱን በስርዓተ ክወናው ላይ ጣሉት፤ «ሊኑክስ አማርኛ አይችልም» አሏት። ይህ እንዳልሆነ ግን በዚያው ማሽን የጻፈችው የራሷ ምዕራፍ ይመሰክራል። እውነቱ ከዚህ የከፋ ነው፤ በፋይሎቹ ውስጥ አማርኛ የሚባል ነገር ከመጀመሪያውም አልነበረም። በቀድሞው አሠራር አንድ ፎንት ሊይዝ የሚችለው ቢበዛ 256 ኮዶችን ነበር፤ ከእነዚህም ሁሉም ለፊደል አይውሉም። ሠላሳ ሦስቱ ሆሄያት በሰባት ሲባዙ ብቻ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሮቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲታከሉ ቦታው አይበቃም። ስለዚህ የፎንት ሠሪዎች የአማርኛን ቅርጽ በላቲን ሆሄያት ኮድ ላይ አስቀመጡ፤ አንዳንዶቹም ፊደሉን ለሁለትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ፎንቶች አከፋፈሉ። ኮምፒውተሩ የሚያከማቸው የላቲን ኮድ ነው፤ አማርኛ የሚያደርገው የፎንቱ መኖር ብቻ ነው። የቁቤ ሆሄያት በአንጻሩ ዊንዶውስም ማክም ሊኑክስም በጋራ በሚቀበሉት የ128 ኮዶች ሠንጠረዥ፣ በአስኪ፣ ውስጥ ይገኛሉ። (ሁዳው ብቻ አልፎ አልፎ ያስቸግራል፤ ዎርድ ቀጥ ያለውን ጭረት በራሱ ፈቃድ ወደ ጠማማ ስለሚለውጠው፣ ቃሉ በፍለጋ አይገኝም።)

የግዕዝ ፊደል ለእያንዳንዱ ሆሄ የማይለወጥ ቁጥር ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ነው፤ በዚያ እትም 345 ምልክቶች ተካተዋል። ደረጃው መውጣቱ ግን የጸሐፊዎችን ልማድ ወዲያው አልለወጠም። የመስክ ሠራተኛውም ከዚያ በኋላ ለዓመታት የጻፉት በለመዱት ፎንት ነበር፤ ጽሑፉ በወረቀት ታትሞ እስከወጣ ድረስ ማንም ልዩነቱን አያይም።

ተማሪዋ በዚህ ጊዜ አንድ ስሕተት ሠራች። ሁለቱን ፋይሎች በፍላሽ ይዛ ወደ አንድ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ሄደች፤ በዚያም ጽሑፉ በሙሉ ተመርጦ ፎንቱ በአንድ ጊዜ ተለወጠ፤ በዚያው ፋይል ላይም ተቀመጠ። ማንኛውም ሰው የሚያደርገው ነገር ነው። ነገር ግን ሰነዱ በሁለት ፎንት የተጻፈ ስለነበር፣ ያው አንድ ኮድ በመጀመሪያው ፎንት አንድ ሆሄ፣ በሁለተኛው ሌላ ሆሄ ነበር። የፎንቱ ስም ሲጠፋ የትኛው የትኛው እንደነበር የሚናገር ምልክት አብሮ ጠፋ። የሁለቱ ፋይሎች ሌላ ቅጂ አልነበረም፤ የአዛውንቱ ኮምፒውተር ከተበላሸ ቆይቷል።

የቀሩት ዘጠኙ ዳኑ። ሊብሬ ኦፊስ ፋይሉን ወደ ክፍት የሰነድ ቅርጸት፣ ወደ ኦዲኤፍ፣ ሲለውጠው የእያንዳንዱ የጽሑፍ ቁራጭ የፎንት ስም በግልጽ ጽሑፍ ይቀመጣል። ተማሪዋ አዛውንቱ ያተሙትን አንድ ገጽ ከኮዶቹ ጋር እያነጻጸረች ሠንጠረዥ አዘጋጀች፤ በፓይተን የጻፈችው አጭር ፕሮግራምም የፎንቱን ስም እያየ እያንዳንዱን ኮድ በዩኒኮድ ቁጥር ተካ። ፎንቱን ፈልጎ መጫን ይቀል ነበር የሚል ይኖራል፤ ለማንበብ ብቻ ከሆነ እውነት ነው። ያን ጊዜ ግን ቃል መፈለግ፣ በፊደል ተራ መደርደርና ለሌላ ሰው መላክ አይቻልም።

ዩኒኮድ የሆነው ሰነድም በየማሽኑ አንድ ዓይነት አይታይም። አማካሪዋ በማክ ሲከፍቱት አቢሲኒካ የነበረው ፎንት በከፋ ተተካ፤ መስመሮቹ ተዘዋወሩ፤ «ገጽ 43 ላይ» ያሉት አስተያየት በእሷ ዘንድ ገጽ 41 ላይ ሆነ። ይህ ግን ቀላል ጉዳት ነው፤ ቃሉ አልተነካም። ፎንቱን በሰነዱ ውስጥ አካትታ ከመላክ ጋር አስተያየት በክፍልና በአንቀጽ ቁጥር እንዲሰጥ ተስማሙ፤ ነገሩ በዚያው አለቀ።

የተበላሹትን ሁለቱን ከአዛውንቱ ጋር በስልክ እያነበበች በአገባብ ፈታቻቸው። ግሡ፣ የሰብሉ ስም፣ የወሩ ስም ከዓረፍተ ነገሩ ይታወቃል። የሰው ስም ግን ለአገባብ አይታዘዝም፤ አንድ ሆሄ ሲለወጥ ሌላ ሰው ይሆናል፤ እርሳቸውም ሁሉንም አላስታወሱም። በአባሪው ውስጥ አራት ስሞች ከነጎዶሎ ሆሄያቸው፣ በባዶ ቅንፍ ታትመዋል።