ደጅ ላይ የሚቆም ወንጌል

እምነትን ስለ ማካፈል ሲነሣ ብዙዎቻችን ቶሎ የምናስበው ሰባኪውን ነው፤ ዐውደ ምሕረት ላይ የቆመውን፣ መንገድ ዳር ድምፅ ማጉያ ተክሎ አላፊ አግዳሚውን የሚጠራውን። ድካሙን አከብራለሁ፤ በእርሱ ቃል ሕይወቱ የተለወጠ ሰውም አውቃለሁ። በዚህች አገር ግን ክርስትና ከቤት ቤት የዞረው፣ ከእናት ወደ ልጅ የወረደው ከሁሉ በላይ በደጅ በኩል ይመስለኛል። አንድ ሰው መጥቶ በር ላይ ይቆማል፤ ስም ይጠራል። ቤት ውስጥ ያለው ያን ስም ሰምቶ ካለው ቆርሶ ይወጣል። ሁለቱም ብዙ አይነጋገሩም። ወንጌል ግን በመካከላቸው ተነግሯል።

ከሁለቱ ሰባኪው ማን እንደ ሆነ ልብ ብንል የምናገኘው ለማኙን ነው። በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም መሆኑን ስንቶቻችን ከቀን መቁጠሪያ ተማርነው? በልጅነታችን የሰማነው በማለዳ ደጃችን ቆሞ «ዛሬ በሚካኤል ቀን» ካለው ሰው ነው። ቅዳሴ የማይሄድ፣ መጽሐፍ የማይገልጥ አባወራ እንኳ ቀኑን ከእርሱ ይሰማል። ከሰጠ በኋላም «እጅ አይጠርብህ፣ ከድንገተኛ አደጋ ይሰውርህ» ተብሎ ተመርቆ ይመለሳል። ካህን ቢሆን ከዚህ የበለጠ ምን ያደርግለት ነበር?

ቆሎ ተማሪውን ላንሣ። ገና ልጅ ሳለ ከወላጆቹ ቤት ወጥቶ፣ አንዳንዴም ተደብቆ ጠፍቶ፣ ወንዝ ተሻግሮ ዘመድ የሌለው አገር ይገባል። ደበሎ ይለብሳል፤ አኩፋዳ ያነግታል፤ ለውሻ የሚሆን ዱላ ይይዛል። የኔታ እግር ሥር ሲቀጽል ውሎ ሰዓቱ ሲደርስ ከጓደኞቹ ጋር መንደር ለመንደር ይከፋፈላል። «በእንተ ስማ ለማርያም!» ይላል ከአጥሩ ውጭ ቆሞ። ቀጥሎም፣ ያው ሕፃን ነውና፣ «ውሻ ያዙልኝ!» ይላል። እመቤቲቱ ከመሶቧ ቁራሽ ይዛ ትወጣለች። ከሌላት ጥሬ ትዘግንለታለች፤ እሱም ከጠፋ «እግዜር ይስጥህ ልጄ» ብላ ታሰናብተዋለች። ማታ ጎጆው ውስጥ ከአሥር ቤት የተለቀመው እንጀራ፣ የጤፉም የማሽላውም የዳጉሳውም፣ አንድ ላይ ተፈትፍቶ ይበላል።

የቅዱስ ያሬድ ድጓ እስከ ዛሬ የደረሰው በዚህ ፍትፍት ነው። ድጓ የሚመሰከርባት የጋይንቷ ቤተልሔም፣ ቅኔ የሚዘረፍባት የጎጃሟ ዋሸራ፣ አቋቋም የሚጠናበት ጎንደር፣ ዝማሬ መዋሥዕት የሚነገርባት ዙር አባ፣ ሁሉም ለተማሪው ቀለብ የመደቡት በጀት አልነበረም። እርግጥ ነው ቤተ ክርስቲያን እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ ሰፊ መሬት ነበራት፤ መሬቱ ሲወሰድም ብዙ ደብርና ብዙ ካህን ተቸግሯል። የተማሪው ራት ግን ቀድሞም በአብዛኛው ከደብሩ ጎተራ አይመጣም ነበርና አዋጁ ከወጣ በኋላም ልጁ አኩፋዳውን አንግቶ መንደር መውጣቱን ቀጠለ። ፊደል የማትለይ የባላገር ሴት በቀን አንድ ቁራሽ እየሰጠች ከሺህ ዓመት በላይ የቆየ ዜማ ከነምልክቱ፣ ከነትርጓሜው አሻገረች። ሊቃውንቱን ስናወድስ እርሷን አናነሣትም። በእኔ ሚዛን ግን የያሬድ ትምህርት ቤት ግማሽ መምህሯ እርሷ ናት።

የሀብታም ልጅም ቢሆን ይለምናል። ቤተሰቡ ስንቅ መላክ የሚችል ልጅ እንደ ሌላው አኩፋዳ ይዞ እንዲወጣ የሚያደርጉት መምህራን ዐላማ አላቸው፤ ነገ መሪጌታ፣ ነገ ጳጳስ የሚሆነው ልጅ ማን ቆርሶ እንዳጎረሰው በአጥንቱ እንዲያውቅ ነው። ደጅ ጠንቶ የማያውቅ ሰው ደጅ የሚጠናውን ችላ ማለት ይቀለዋል።

ተአምረ ማርያም ውስጥ ካሉት ታሪኮች ሕዝቡ ከሁሉ አብልጦ የያዘው የበላኤ ሰብእን ነው፤ በየዓመቱ የካቲት 16፣ በኪዳነ ምሕረት ዕለት የሚነገረውን። ሰውዬው 78 ነፍስ የበላ ነው፤ ቤተሰቡንም አልማረም። በመጨረሻ መንገድ ላይ አንድ ለምጻም ያገኛል። ለምጻሙ ውሃ ጠምቶታል። ስለ እግዚአብሔር ብሎ ይለምነዋል፤ እምቢ ይለዋል። ስለ ጻድቃን ብሎ ይለምነዋል፤ አሁንም እምቢ። ስለ ማርያም ሲለው ግን ሰውዬው ይቆማል፤ ይህን ስም በልጅነቱ ሰምቶት ነበር። ጥርኝ ውሃ ይሰጠዋል። ያ ጥርኝ ውሃ በፍርድ ቀን ከ78ቱ ነፍስ ጋር ሚዛን ላይ ወጣ።

ታሪኩን ስንተርክ ሁልጊዜ ስለ በላኤ ሰብእና ስለ እመቤታችን ምሕረት እንናገራለን። እኔ ለምጻሙ ያሳስበኛል። ጥም ይዞት፣ አካሉ ቆስሎ፣ ከዚያ ሁሉ ሰው ለይቶ ሰው በላ ፊት ቆመ። አንዱ ስም ሲመለስበት ሌላ ስም ጠራ፤ ሁለተኛው ሲመለስበት ሦስተኛ ጠራ። በዚያ ድንጋይ ልብ ውስጥ ገና ያልሞተ አንድ የልጅነት ድምፅ እንዳለ ሳያውቅ እየፈለገው ነበር። ለበላኤ ሰብእ የመጣለት ሐዋርያ ይህ ነው፤ የሚሰጠው አንዳች ነገር ያልነበረው፣ የሚለምን ብቻ። በልጅነቱ ያን ስም ጆሮው ውስጥ ያኖረችለትስ ማን ነበረች? ታሪኩ አይነግረንም፤ እናት ሳትሆን አትቀርም።

ስለ አማላጅነት የሚነሣው ክርክር እዚህ አያስፈልገኝም። በዚያ ጉዳይ ከእኔ ቤት ጋር የማይስማሙትም ይህን የደጅ ወንጌል እንደሚያውቁት የወላይታ ታሪክ ይመሰክራል። የውጭ ሚሲዮናውያን በ1920 ዓ.ም. ገደማ ወደዚያ ገብተው ነበር። ጣሊያን አገሩን ይዞ በ1929 ሲያስወጣቸው ትተዋቸው የሄዱት ምእመናን ሃምሳ የማይሞሉ ነበሩ። መጽሐፍ ቅዱስ በቋንቋቸው ገና ሙሉ በሙሉ አልተተረጎመም፤ መሪዎቻቸው ታሰሩ፤ እንደ ዋንዳሮ ዳባሮ ያሉት ተገረፉ። በዚያን ጊዜ እስረኛን መንግሥት አይቀልብም፤ ዘመድ ስንቅ ካላመጣለት ይራባል። ምእመናኑ ለታሰሩት ወንድሞቻቸው ምግብ ተሸክመው ሄዱ። ዘመድ ለሌለው፣ እምነታቸውን ለማይጋራውም እስረኛ አካፈሉ። እስር ቤቱ ደጃፍ ላይ ይህን ያየ ሁሉ «እነዚህ ሰዎች ምን ነክቷቸው ነው?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄውን ተከትለው የመጡት በዙ። ሚሲዮናውያኑ ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ ወደ 10,000 የሚጠጉ አማኞች እንደ ጠበቋቸው ይነገራል። በእነዚያ ዓመታት ደፋር ሰባኪ አልጠፋም፤ እየዞሩ ያስተማሩ ነበሩ። የስንቅ ቋጠሮ ተሸክመው ከእስር ቤት በር የቆሙት ምእመናን ባይኖሩ ግን ስብከቱን ማን ያምነው ነበር?

ወደ ራሴ ቤት ልመለስና የጽዋ ማኅበር ላውሳ። በወር አንድ ቀን፣ በአንድ ቅዱስ ስም፣ ማኅበርተኞች በተራ ይደግሳሉ። የነፍስ አባት ዳቦውንና ጠላውን ይባርካሉ። ሲያበቃ የሚቀጥለው ወር ተረኛ ጧፍ በርቶለት ጽዋውን ይረከባል፤ በእልልታ ቤቱ ድረስ ይሸኛል። የተጣላ ካለ የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው፣ ሳያስታርቅ ከአንድ ማዕድ አይቀርብም። የቀረ ካለ ድርሻው በልጅ እጅ ይላክለታል። ብዙ ጊዜ ልብ የማንለው ግን ማዕዱ ከመቅረቡ በፊት ወይም ጎን ለጎን ደጅ ለተሰበሰቡት ነዳያን የሚወጣው ሰፌድ ነው። ሰንበቴም እንዲሁ ነው፤ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ ተረኛው ያመጣው እንጀራና ጠላ ከማኅበርተኛው አልፎ እንግዳውንም ደካማውንም ይደርሳል። ዝክር የሚዘከረው በቅዱሱ ስም ነው፤ ድርሻው የድሀው ነው። ደጅ ላይ ማንም ከሌለ የዝክሩ ባለቤት አልመጣም ማለት ነው።

በወሎ ደግሞ ጠበል ጠዲቅ ሲኖር ሙስሊም ጎረቤት ይጠራል። ለብቻው በግ ይሰጠዋል፤ በራሱ ሰው እጅ ታርዶ፣ በራሱ ድስት ተሠርቶ ይቀርብለታል። እርሱም በተራው በበዓሉ እንዲሁ ያደርጋል። ጎረቤቱን እስከዚህ ድረስ ያሰበ ክርስቲያን ስለ እምነቱ ብዙ ማስረዳት አይጠበቅበትም።

ዛሬ የሚያስጨንቀኝ ደጁ መጥፋቱ ነው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ለምኖ የሚደርስ ሰው የለም፤ ከታች ጥበቃ አለ። ቪላውም ግንቡ ከፍ ብሏል፤ በሩ ብረት ሆኗል፤ መጥሪያው ሲደወል በካሜራ ታይቶ ነው የሚከፈተው። ማኅበሩ አልቀረም፤ ኮሚናል ውስጥ ይደገሳል፤ ዶሮው ይወጣል፤ ልጆች ይሮጣሉ። በሲልቨር ስፕሪንግና በዋሽንግተን አካባቢ ያሉ ወገኖቻችንም ከሥራ ፈረቃቸው ቀን ሰርቀው ጽዋ ይጠጣሉ፤ ይህን ማቆየታቸው ያስደንቀኛል። በሩ ላይ የሚቆም ግን እዚያም እዚህም የለም። እዚያ ያሉት ገንዘብ አዋጥተው ወደ አገር ቤት ይልካሉ፤ ብዙ አፍ የሚጎርሰው በዚያ ነው። ግን ልጆቻቸው አሳልፎ የሚሰጠውን እጅ እንጂ የሚቀበለውን ፊት አያዩም። የእኛም የፎቅ ልጆች እንደዚያው እየሆኑ ነው። «ዛሬ በሚካኤል ቀን» የሚላቸውን ድምፅ ሳይሰሙ ነው የሚያድጉት።

ሰው ሁሉ ልመና ሥራ ሆኗል፣ አታላይ በዝቷል ይላል። እውነት አለው። ሕፃን ተከራይቶ ፀሐይ ላይ የሚያስቀምጥ እንዳለ ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ በዚያ ሕፃን እጅ ላይ ሳንቲም መጣል እንዲከራዩት ማድረግ ነው። ለእንዲህ ያለው ሕፃን ምግብ ያቀርቡለታል፤ አብረውት ቁጭ ብለው የት እንዳደረ ይጠይቁታል፤ የሚመለከተውንም ይጠራሉ። ነገር ግን በማታለል ምክንያት በሩን ለሁሉ መዝጋት ሌላ ነገር ነው። እናቴ፣ የራሱ ቤት እንዳለው የሰፈሩ ሰው ሁሉ ለሚያወራበት አንድ ሽማግሌ ሁልጊዜ ትሰጠው ነበር። ጎረቤታችን «እትዬ፣ ይኼ ሰውዬ እኮ ያታልልሻል» ስትላት እናቴ «እሱ ቢዋሽ የጠራው ስም ይዋሻል?» አለቻት። ጎረቤታችን መልስ አልነበራትም። እኔም እስካሁን አላገኘሁላትም።

ደጁ ሲጠፋ ሰው ወደ ሌላ ደጅ መሄድ ጀምሯል፤ ይህ ተስፋ ይሰጠኛል። ቢኒያም በለጠ በጀመረው የመቄዶንያ መጠለያ ያሉ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ለማብላት ሰው ሠርጉን፣ ልደቱን፣ የሟቹን ተዝካር ይዞ ይሄዳል። ነጭ የለበሱ ሙሽሮች ጎንበስ ብለው ወጥ ሲያወጡ ይታያል። ይህ ሲደረግ ማየት ደስ ይላል። ልዩነቱን ግን አልረሳውም፤ እዚያ የምንሄደው እኛ በመረጥነው ቀን ነው። የደጁ ሰው የሚመጣው እርሱ በራበው ቀን፣ እኛ ደክሞን፣ ወጡ አንሶ፣ እንግዳ ተቀምጦ ሳለ ነው። እምነት በቤት ውስጥ መኖሩ የሚታወቀው በዚያ ሰዓት ነው።

አንድ የማውቀው የኮንዶሚኒየም ማኅበር ሰሞኑን በዚህ ይከራከራል። ከማኅበርተኞቹ አንዲት እናት ዝክሩ ከመባረኩ በፊት እንጀራው ወደ ግቢው በር ይውረድ፣ ተረኛው ራሱ ከነልጆቹ ቆሞ ያብላ ብለው ጠየቁ። የግቢው ኮሚቴ ሰው ተሰብስቦ በር ይዘጋል፣ ሌባም ይገባል ብሎ ተቃወመ። ሙሴው ሁለት ሰዓት ብቻ ይፈቀድልን ብለው ሽምግልና ገብተዋል፤ ወጣቶቹ ወረፋ እናስይዛለን ብለዋል፤ ጥበቃው ደግሞ የዕለቱ ዘበኛ እኔ ከሆንኩ ችግር የለም ብሏል። ኮሚቴው መልሱን የሚሰጠው ከፊታችን ባለው ሚካኤል ነው። እኚያ እናት ግን መልሱን አልጠበቁም፤ ዱቄቱን አስፈጭተው ጨርሰዋል።