መመለሻው ያጥራል

እህታችንን ቦሌ ሸኝተን በተመለስንበት ማታ መንገዱን አሰላነው። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ደለስ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ከባድ አውሮፕላን ለዚያ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ይዞ ለመነሳት ይቸገራል። ስለዚህ ሲሄድ ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይሞላል፤ 16 ወይም 17 ሰዓት ይፈጃል። ሲመለስ ግን ደለስ ዝቅ ያለ ቦታ ስለሆነ፣ ነፋሱም ከኋላ ስለሚገፋው፣ በ13 ሰዓት ገደማ ሳያርፍ ቦሌ ይገባል።

ይህን ለእማዬ ስንነግራት «እሰይ! መመለሻው ያጥራላ!» አለች።

ይኸው ስድስት ዓመታችን። እህታችን በደወለች ቁጥር «ወረቀቴ ይለቅና» ትለናለች። ስልኩ ሲዘጋ እማዬ ወደኛ ዞር ትላለች፦

«ስንት ሰዓት ነበር ያላችሁኝ?»

«13» እንላታለን።