የእናታችሁ ስም ደብተሩ ላይ አለ?

ዛሬ የማወራችሁ ስለ መድኃኒት ሳይሆን ለመድኃኒቱ ስለሚከፈለው ገንዘብ ነው።

ዲላ ላይ የደም ግፊትና የስኳር ሕመም ያለባቸውን አረጋውያን ስከታተል አንድ ነገር አስተውያለሁ። ግፊታቸው ከቡናው ጋር አብሮ ይወጣል፣ ይወርዳል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡና ተለቅሞ ቤት ውስጥ ገንዘብ ሲኖር መድኃኒቱ በየቀኑ ይዋጣል፣ ልኬቱም ደህና ይሆናል። ክረምት ገብቶ ኪስ ሲደርቅ ግን "ዶክተር፣ ሲያመኝ ብቻ ነው የምውጠው" የሚሉኝ ይበዛሉ። ግፊት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሳያምም ነው ኩላሊትንና ልብን የሚጎዳው። ምልክት ሲያሳይ ስትሮክ ሆኖ ሊመጣ ይችላል።

በአገራችን የቲቢ፣ የኤችአይቪና የወሊድ አገልግሎት በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል። ግፊትና ስኳር ግን እዚህ ውስጥ የሉም። በእርጅና የሚመጡትና ዕድሜ ልክ መድኃኒት የሚፈልጉት ሕመሞች በብዛት የሚታከሙት ከኪስ ተከፍሎ ነው። ለዚህ ነው ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ከሁሉም በላይ ለሽማግሌዎቻችን ያስፈልጋል የምለው።

መድህኑ በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በያኔው ደቡብ ክልል በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ነው ወደ ሌላው አካባቢ የተስፋፋው። አሠራሩን ለመረዳት እድርን ማሰብ ይበቃል። ልዩነቱ እድር የሚደርስልን ስንሞት መሆኑ ነው፤ መድህን ግን በሕይወት እያለን ይደርስልናል። ምዝገባው በሰው ሳይሆን በቤተሰብ የሆነውም በምክንያት ነው። የታመመው ብቻ ቢከፍል ቋቱ በአንድ ዓመት ይደርቃል። ጤነኛው ለታማሚው፣ ወጣቱ ለሽማግሌው ሲያዋጣ ነው ገንዘቡ የሚበቃው። በኋላ ላይ መዋጮው እንደ አባወራው የመክፈል አቅም እንዲለያይ መደረጉም ከዚሁ የመረዳዳት ሐሳብ የመጣ ነው።

ችግሩ ያለው "ቤተሰብ" በሚለው ቃል ላይ ነው። እኛ ቤተሰብ ስንል እናትም፣ አባትም፣ አክስትም አሉበት። በመድህኑ መሠረታዊ መዋጮ የሚሸፈኑት ግን አባልየው፣ የትዳር ጓደኛውና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆቹ ናቸው። አብረው የሚኖሩ ሌሎች ዘመዶች እንዲካተቱ ስማቸው መመዝገብና ተጨማሪ መዋጮ መከፈል አለበት። ብዙ ልጆች ይህን አያውቁም።

አንዲት እናት ትዝ ይሉኛል። ባለቤታቸው ሲሞቱ ከገጠር መጥተው ዲላ ልጃቸው ቤት ገቡ። ልጁ በየዓመቱ መድህኑን ያድሳል፤ እናቱም የተካተቱ ይመስለዋል። እሳቸው ግን አንዷን ኪኒን ለሁለት ገምሰው እየዋጡ ነበር። "ለምን አልነገሩትም?" ስላቸው "ልጆች ያስተምራል፣ እኔ ደግሞ ልጨመርበት?" አሉኝ። ልጁ ሲሰማ አለቀሰ። ተጨማሪው መዋጮ አቅቶት አልነበረም፤ የነገረው ሰው ስላልነበረ ነው።

መድህኑ እንከን የለውም አልልም። መዋጮውን ከፍሎ "መድኃኒቱ የለም፣ ውጪ ግዛ" የተባለ ሰው ቢናደድ እውነት አለው። የጡረተኞች ጉዳይም አለ። የመንግሥት ሠራተኛውንና ጡረተኛውን የሚያቅፈው የማኅበራዊ ጤና መድህን አዋጅ የወጣው በ2002 ዓ.ም. ቢሆንም፣ ሥራ ላይ መዋሉ ለዓመታት ሲራዘም ቆይቷል። ዕድሜውን ሙሉ ያስተማረ መምህር በእርጅናው መድኃኒት ከጡረታው ላይ ሲገዛ ማየት ያሳዝናል። ነገር ግን ቅሬታችን ከመድህኑ የሚያስወጣን ከሆነ የምንጎዳው እኛው ነን። ጤነኞቹ ሲወጡ ቋቱ ይሳሳል፤ ቋቱ ሲሳሳ የመድኃኒት መደርደሪያው ይበልጥ ባዶ ይሆናል።

ስለዚህ የምመክራችሁ ይህን ነው፦

✅ ዛሬውኑ የጤና መድህን ደብተራችሁን አውጡና የእናታችሁና የአባታችሁ ስም መኖሩን እዩ። ከሌለ ቀበሌ ሄዳችሁ እንዴት እንደሚጨመር ጠይቁ።

✅ ምዝገባና እድሳት የሚካሄደው በዓመት ውስጥ በተወሰነ ጊዜ ነው። "ሲያመኝ እገባለሁ" አይሠራም። የቡና ገንዘብ እጃችሁ ሲገባ የመድህኑን ቀድማችሁ ለዩ።

✅ መክፈል የማይችሉ አረጋውያን በቀበሌያቸው ተለይተው መንግሥት የሚከፍልላቸው አሠራር አለ። ጧሪ የሌላቸው ጎረቤት ካሏችሁ ስማቸው እንዲታይ እናንተ ተናገሩላቸው። በእድርም፣ በሶንጎም ይነሳ።

✅ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ወደ ሆስፒታል ስትሄዱ የሪፈር ወረቀት ያዙ፤ ያለ ሪፈር ከሄዳችሁ ወጪው ወደ ኪሳችሁ ሊመለስ ይችላል።

✅ ገንዘብ አጠረኝ ብላችሁ መድኃኒት አትግመሱ፣ አታቋርጡም። ለሐኪማችሁ በግልጽ ንገሩ፤ ዋጋው የሚቀል አማራጭ ሊኖር ይችላል።

ወላጆቻችን ችግራቸውን ደብቀው ነው ያሳደጉን። ዛሬም ይደብቃሉ። "ደህና ነኝ" ቢሏችሁም የመድኃኒት ብልቃጣቸውን ከፍታችሁ እዩ።

ጤናችሁ ይብዛልኝ! ለወንድም ለእህቶቻችሁም አጋሩት።