ከሩቅ የሚታዘዘው የቤታችን ኮምፒዩተር

ቤታችሁ ውስጥ ቀንም ሌሊትም የማይጠፋ ኮምፒዩተር ካለ ይህን የጻፍኩት ለእናንተ ነው። ልጆቹ ሥራ ወይም ጦር ሠራዊት ሄደው፣ ክፍሉ ውስጥ ማንም ሳይኖር፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። «ምን እየሠራ ነው?» ስትሏቸው «ምንም አይደል፣ ፋይል እያወረደ ነው» ይሏችኋል። እኔም እዚህ አሽቀሎን፣ አፍሪዳር ቤታችን ውስጥ ለረጅም ጊዜ የምሰማው መልስ ይኸው ነበር። ልጄን ደጋግሜ ጠይቄ የተረዳሁትን ላካፍላችሁ። ለመረዳት እንግሊዝኛ ማወቅ የግድ አይደለም፤ ሳይሰለቹ መጠየቅ ነው።

መጀመሪያ ፕሮግራሙ ምን እንደሆነ እንይ። ፋይል መጋሪያ ነው፤ ልጆቹ ቶረንት ይሉታል። ዘዴውን በ2001 ያወጣው ብራም ኮኸን የሚባል አሜሪካዊ ነው። እኛ ግን ቀድመን እናውቀዋለን፤ ወንፈል ነው። አንድ ትልቅ ፋይል፣ ለምሳሌ የሠርግ ቪዲዮ፣ በብዙ ትናንሽ ቁራጮች ይከፋፈላል። ፋይሉ ያላቸው ኮምፒዩተሮች ቁራጭ ቁራጩን ይሰጣሉ። ተቀባዩም ሁሉም እስኪደርሰው አይጠብቅም፤ የደረሰውን ወዲያው ለሌላው ያቀብላል። ዛሬ የኔን እርሻ፣ ነገ ያንተን እንደምንለው ማለት ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ ይቀበላል ብቻ ሳይሆን ይሰጣል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

ከሩቅ ማዘዙስ እንዴት ነው? ትልቅ ፋይል ለማምጣት ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ይፈጃል። ማንም ወጣት ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ አይጠብቅም። ስለዚህ እንደ ኪውቢትቶረንትና ትራንስሚሽን ያሉ ፕሮግራሞች በውስጣቸው አንድ ትንሽ ገጽ አላቸው። ልጁ የትም ቢሆን ስልኩ ላይ ብራውዘሩን፣ ያንን ኢንተርኔት የሚያይበትን መስኮት፣ ይከፍትና የቤቱን አድራሻ ይጽፋል። ከአድራሻው ቀጥሎ የበር ቁጥር አለ፤ ለኪውቢትቶረንት ብዙ ጊዜ 8080፣ ለትራንስሚሽን 9091 ነው። በሩ ላይ ስምና ሲስማ ይጠየቃል። ሲገባ ዝርዝሩ ይታየዋል፤ ይሄኛው 30 በመቶ ደርሷል፣ ያኛው ቆሟል፣ ሌላው አልቋል። ጀምር፣ አቁም፣ ሰርዝ ብሎ ያዛል። የሚመጣው ፋይል ግን ስልኩ ላይ አይቀመጥም፤ የሚገባው ቤት ያለው ኮምፒዩተር ውስጥ ነው። ስልኩ እንደ ቴሌቪዥን ሪሞት ነው፤ ያዛል እንጂ አይሸከምም።

«ታዲያ ይሄ ለኛ ምን ያደርግልናል?» ትሉኝ ይሆናል። የኛን ቤት ልንገራችሁ።

እናቴ በ1984 ከጎንደር አካባቢ ተነስታ በእግሯ ሱዳን የገባች ሴት ናት። ኡም ራኩባ መጠለያ ውስጥ ያየችውን፣ ማን እንደሞተና የት እንደተቀበረ፣ በስድስት ካሴት ተናግራ ትታልን አርፋለች። በሱዳን መንገድና መጠለያ 4,000 ያህል ወገኖቻችን እንዳለቁ ይነገራል፤ በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን በሄርዝል ተራራ እናስባቸዋለን። የእናቴ ካሴቶች ግን ቁጥር አይናገሩም፤ ስም ነው የሚጠሩት። ልጄ ስድስቱንም ወደ ኮምፒዩተር ገልብጦ፣ ከነበሩን የሠርግና የለቅሶ ቪዲዮዎች ጋር አንድ ላይ አስቀመጣቸው። ነታንያ ላለችው እህቴ ልጅም በዚሁ ፕሮግራም መላክ ጀምሮ ነበር። 41 በመቶ ላይ ሲደርስ አቆመው፤ ጊዜ አለን ብለን።

በጥቅምት 2023 ጦርነቱ መጣ። አሽቀሎን ላይ የወረደውን ሮኬት እናንተም ታውቁታላችሁ። ቀን ከሌት ማማድ ውስጥ ከርመን፣ እንደ ብዙ የከተማችን ቤተሰቦች እኛም ወጥተን እህቴ ቤት ገባን። ልብስና መድኃኒት ይዘን ነበር የወጣነው። ካሴቶቹም ኮምፒዩተሩም አፍሪዳር ቀሩ። እህቴ ቤት ሁለተኛው ማታ ላይ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ቤት ቢመታ ቤት ይሠራል፤ የእናቴን ድምፅ ማን ይሠራልኛል?

ልጄ «እማ፣ ቆይ» አለና ስልኩን አወጣ። ብራውዘሩን ከፈተ፣ አድራሻውን ጻፈ፣ ሲስማውን አስገባ። 90 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለው ኮምፒዩተራችን መለሰለት። መብራት አልጠፋም፣ ኢንተርኔቱም ይሠራል። ዝርዝሩ ውስጥ የእናቴ ስም ያለበት ፎልደር ቆሞ ይታያል፤ 41 በመቶ። «ጀምር» የምትለዋን ነካት። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ 42፣ 43 ሲል አየሁ። ሲነጋ 100 ብሎ ነበር። የእህቴ ልጅ የመጀመሪያውን ሲከፍት እናቴ ሳሎን ውስጥ መናገር ጀመረች። እህቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ ሰማች። ቤታችን በኋላ ደህና ተገኘ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ድምፁ ግን ከዚያ ሌሊት ወዲህ በሁለት ቤት ነው ያለው።

ከዚህ በኋላ ነው ጥያቄዬ የጠነከረው። ልጄ ከነታንያ የከፈተውን በር ሌላ ሰውስ ከሌላ ቦታ ሊከፍተው አይችልም? «ሲስማውን ካወቀ ይችላል» አለኝ። ሲስማው ምን እንደሆነ ስጠይቀው የተወለደበት ዓመት ሆኖ ተገኘ። ያን ቀን ነው ያስቀየርኩት።

ነገሩ ቀላል አይደለም። በዚያ በር የገባ ሰው የፈለገውን ፋይል በእናንተ ኮምፒዩተር ያስመጣል፣ ያላችሁን ይሰርዛል። አንዳንዱ ፕሮግራም ላይ ደግሞ ፋይል ሲያልቅ ሌላ ፕሮግራም እንዲነሳ ማዘዝም ይቻላል፤ ይህ ለሌባ ትልቅ ቀዳዳ ነው። ኪውቢትቶረንት ራሱ ለብዙ ዓመታት ሁሉም ሰው የሚያውቀው አንድ ዓይነት መግቢያ ሲስማ ነበረው፤ ያ የቀረው በ2023 ነው። ስለዚህ በሩን ለመላው ዓለም ከመክፈት፣ ልጁ መጀመሪያ ቪፒኤን በሚባለው የተቆለፈ መንገድ ወደ ቤቱ ኔትወርክ ገብቶ ከዚያ ገጹን ቢከፍት ይሻላል። ልጆቹ ይህን ያውቁታል፤ የሚጠይቃቸው ሲያጡ ግን ይሰንፋሉ።

አሁን ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ልመለስ። ፕሮግራሙ ይሰጣል ብያለሁ። የእናታችሁን ድምፅ ለእህታችሁ ሲሰጥ ጽድቅ ነው። ልጁ የሰው ፊልም ወይም የዘፋኝ አልበም ሲያወርድበት ግን ያንኑ ለማያውቃቸው ሰዎች እያደለ ነው። በ2007 የወጣው የእስራኤል የቅጂ መብት ሕግ፣ የደረሰው ጉዳት በማስረጃ ባይታይም፣ ፍርድ ቤት ለአንድ ጥሰት እስከ 100,000 ሼቄል ካሳ እንዲወስን ይፈቅዳል። አገር ቤትም ቢሆን በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የዘፋኙና የደራሲው መብት የተጠበቀ ነው። ልጁ የትም ቢሆን፣ ሥራው የሚሠራው በእናንተ ቤት ነው፤ የኢንተርኔቱ ውልም ብዙ ጊዜ በአባት ወይም በእናት ስም ነው።

ልጆቻችን በዚህ ነገር ይበልጡናል፣ እውነት ነው። ደብዳቤ የሚያነቡልን፣ ኩፓት ሆሊም ቀጠሮ የሚይዙልን እነሱ ናቸው። ይህ ግን ቤታችን ውስጥ ምን እንደሚገባና እንደሚወጣ የመጠየቅ ወግ አይወስድብንም። ጎተራውን የሚጠብቀው ሌላ ቢሆንም ቁልፉ የት እንዳለ የቤቱ ባለቤት ያውቃል።

እንግዲህ ልጆቻችሁ ለሰንበት ሲመጡ፣ ሳትቆጡ፣ ቡና ላይ ሦስት ነገር ጠይቋቸው። ይሄ ኮምፒዩተር ምን እያስገባ ነው? ምን እያወጣ ነው? ቁልፉስ ማን ማን እጅ ነው? መልሱን ከሰማችሁ በኋላ ደግሞ ቁም ሳጥን ውስጥ ያለውን አሮጌ ካሴት አውጥታችሁ ስጧቸው። እሱንም ገልብጠው ለአንድ ዘመድ ቤት ይላኩት፤ ሌላ የድንገት ቀን እስኪመጣ አትጠብቁ።